ጥላው የማን ነው?

ድሮ ድሮ፣ አውሬ ሁሉ ዳኛ ፊት ቆሞ በሚሟገትበት ዘመን፣ ስሙን ሰው በረሳው አገር አንዲት እንሽላሊት ነበረች። እንሽላሊት መቼም ፀሐይ ካልነካት እግሯ አይታዘዝላትም። ጠዋት ጠዋት ከቤቷ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ወጥታ ትሞቃለች፤ አሸዋው ውስጥ የቀበረቻቸው እንቁላሎቿም አብረው ይሞቃሉ። እናቷም፣ የእናቷም እናት እዚያው ሞቀው ነው ልጅ ያሳደጉት።

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ ከቤቷ በስተምሥራቅ ያለውን መሬት ያዘና የአጥንት ማከማቻ በድንጋይ ይክብ ጀመር። ካቡ ከፍ ሲል ጠዋት የምትመጣው ፀሐይ ዘገየች።

«አያ ጅቦ፣ ፀሐይ ከለከልከኝ እኮ። እባክህ ትንሽ ዝቅ አድርገው» አለችው።

«መሬቱ የእኔ፣ ድንጋዩ የእኔ! አንቺ ምን አገባሽ?»

ካቡ ጨመረ። ፀሐይ ቀትር ካልሆነ ብቅ አትልም። አሸዋው ቀዘቀዘ። እንሽላሊት እንቁላሎቿን ብትታቀፋቸው እሷም እንደነሱ በረዶ ሆነች። እየተጎተተች ሄዳ ዳግም ለመነችው።

«መሬቱ የእኔ፣ ድንጋዩ የእኔ!» አለና ሌላ ድንጋይ ጫነበት።

ልመናውን ትታ ለአገሩ ዳኛ ለአባ ጉሬዛ ከሰሰች። አባ ጉሬዛም ነጭ ካባቸውን ደርበው ዝግባ ዛፍ ላይ ተሰየሙ፤ አውሬውም ለሸንጎ ከሥሩ ተሰበሰበ።

«በገዛ መሬቴ ነው የሠራሁት። ፀሐይን እኔ አልፈጠርኳት!» አለ ጅብ።

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። እንሽላሊት ነገሩ ወደ ጅብ እንዳዘነበለ አየች። የጅብን ሆድ ግን ታውቀዋለች።

«ይሁን አባ፣ ካቡ የእሱ ነው። ጥላው ግን እኔ ግቢ ነው የሚተኛው። በበጋ ፍየሎች ሐሩር ሸሽተው እዚያ ማረፋቸው አይቀርም። እንግዲህ ጥላውን ለእኔ ይፍረዱልኝ» አለች።

ፍየል ሲባል የጅብ አፍ ምራቅ ሞላ። «ኧረ ወዲያ! መሬቱ የእኔ፣ ድንጋዩ የእኔ፣ ጥላውም የእኔ!»

«ጥላውም ያንተ ነው?» አሉ ዳኛው።

«የእኔ ነው!»

«ሸንጎው ይስማልህ?»

«ይስማልኝ!»

«እንግዲያው ንብረትህን ከሰው ግቢ አንሳ» ብለው ፈረዱበት።

ጅብ ጥላውን በጥርሱ ቢጎትተው አልመጣ፣ በጥፍሩ ቢቧጥጠው አልለቅ አለው። ቢቸግረው ካቡን ከላይ ከላይ እያነሳ ያወርድ ገባ፤ ጥላው ከድንበሩ እስኪመለስ ድረስ አወረደው። ከእንቁላሎቹ ገሚሶቹን ብርዱ ቀድሟቸው ነበር፤ የተረፉት ተፈለፈሉና ከእናታቸው ጋር ድንጋዩ ላይ ወጡ።

ይኸውላችሁ፣ ጥላዬ ነው ያለ፣ ካቡን አጎደለ።