ለጣራ የታጨደው ሣር

ተረት አለኝ፤ ጆሯችሁን አውሱኝማ!

አንዲት አይጥ አዲስ ቤት ሠራች። አሥር እስር ሣር አጭዳም ስምንቱን ለጣራው፣ ሁለቱን ለምርቃቱ ጉዝጓዝ መደበች።

የምርቃቱ ቀን ጥንቸል ከነዘመዶቿ እልል እያለች ገባች። ጅግራ፣ ጃርትና ኤሊም ተከተሉ። አይጥ ደስታዋን አልቻለችውም! አንድ እስር ጨመረች፣ ሌላም ፈታች፣ አሥሩንም ጎዘጎዘችው።

«ኧረ አይጢት፣ ይሄ የጣራሽ ሣር አይደለም እንዴ?» አለች ኤሊ።

«እንዴ እሜቴ፣ እንግዳዬ ባዶ መሬት ላይ ሊቀመጥ? ጣራው የነገ ነው! ጨፍሩ!»

ጭፈራው ሲደምቅ ሰማዩ አጉረመረመና ዝናቡ ወረደ። እንግዶቹ ዘለው ተነሡ፤ «አይጢት፣ ቶሎ ቤት አስገቢን!» ብለው ጮኹ።

«ቤት ውስጥ እኮ ናችሁ» አለች አይጥ፣ ውሃው በጢሟ እየወረደ።

ኤሊ አንገቷን ወደ ድንጋይ ልብሷ ሰበሰበች።

የእኔ ተረት አለቀ፤ ዝናቡ ግን ገና ነው!