ሳይነካ «አዎ» ያለው ሸማኔ

ወገኖቼ፣ አንድ ሸማኔ ነበር። አርባ ዓመት ሸምኗል። ሸማኔ በእጁ ብቻ እንደማይሠራ ታውቃላችሁ። መርገጫውን በእግር ጣቶቹ መሃል ይዞ፣ አንዱን ሲጫን ሌላውን ይለቃል። እግሩ ከሄደ እንጀራውም ሄደ ማለት ነው።

ይህ ሰው ስኳር ነበረበት። አንድ ቀን ለክትትል ጤና ጣቢያ ሄደ። ሲስተር ብዙነሽ የምትባል ነርስ ጫማውን አስወልቃ ቀጭን የናይለን ክር አወጣች።

«አባቴ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። እግርዎን በዚህ ክር ስነካዎት ከተሰማዎት አዎ ይበሉኝ። እዚህ ጋ?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«እዚህስ?»

«አዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

እውነቱን ልንገራችሁ? ምንም አልተሰማውም። ታዲያ ለምን አዎ አለ? ልጅቱ እግሩ ሥር ጎንበስ ብላ ስትደክም፣ «አይ» ብሎ ማስከፋት ነውር መሰለው። ደግሞም ፈራ። ከእንግዲህ አትሸምንም እንዳይባል ፈራ።

ነርሷ ጠረጠረች። ክሩን ኪሷ ከተተችና እጇን አጣምራ፣ «አሁንስ?» አለችው።

«አዎ፣ ልጄ! በደንብ!»

«አባቴ፣ አሁን እኮ አልነካሁዎትም።»

ዓይኑን ገለጠ። አፈረ። እንባውም መጣ።

አጠገቡ ተቀምጣ አስረዳችው። «በነርቫችን ጫፍ ላይ በዓይን የማይታዩ፣ ከፕሮቲን የተሠሩ በሮች አሉ። ቆዳችን በቀስታ እንኳ ሲነካ፣ የነርቩ ሽፋን ሲለጠጥ በሮቹ ይከፈታሉ። ኤሌክትሪክ የያዙ ቅንጣቶች ይገባሉ፤ መልእክቱም ወደ አንጎል ይሮጣል። ስኳሩ ነርቩን ከጎዳው ግን መልእክቱ አይደርስም። ዛሬ ክር ያልተሰማው እግር፣ ነገ ሚስማር ሲወጋውም ላይሰማው ይችላል። እውነቱን ከነገሩኝ ግን እግርዎን አብረን እንጠብቀዋለን።»

ሸማኔው ዓይኑን እንደገና ጨፈነ። «እንግዲያው እንደ አዲስ ጀምሪ» አላት። ስድስት ቦታ ጠየቀችው። አምስት ጊዜ «አልተሰማኝም» አለ። በሕይወቱ እንደዚያ የከበደው ቃል አልነበረም።

እናንተስ? ስብከት ባለቀ ቁጥር አሜን እንላለን። ሰባኪው እንዳይከፋው እንላለን። ከጎናችን ያለው እንዳይታዘበን እንላለን። ከዚያ ወጥተን ከወንድማችን ጋር እንደተኳረፍን እናድራለን። ቃሉ ነክቷችሁ ነበር? በእርግጥ ነክቷችሁ ነበር? እኔንም ጨምሩኝ። እዚህ ቆሜ የተናገርሁት ሁሉ ነክቶኛል ብዬ አልምልም፤ ይህም ያስፈራኛል።

ዛሬ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስጨርስ አሜን አትበሉኝ። ዝም ብላችሁ ቆዩ። ያልተሰማው ሰው በልቡ «ጌታዬ፣ አልተሰማኝም» ይበል። እሱ በዚህ አይቆጣም፤ ሕክምናው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጨርሻለሁ።