የተቆረጠው ዶቅማ ጥላ

«አንድ ሀብታም ነበረ» አሉ የኔታ። የከተማ ካርታ የሚሠራ አንድ ወጣት ሊጠይቃቸው መጥቶ ነበር። አንዱን ሰፈር ሰዎች በሁለት ስም እየጠሩበት፣ ወሰኑንም አንዱ እዚህ ሌላው እዚያ እያለ ቢያሳየው ግራ ገብቶት፣ የትኛውን ስም ልጻፍ፣ መስመሩንስ የት ላቁም አላቸው። እሳቸውም ይህን ነገሩት።

ሀብታሙ ትልቅ ቤት በሠራበት ሰፈር መካከል አንድ ያረጀ ዶቅማ ነበረ። ፍሬው ሲበስል ልጆች አፋቸው ጠቁሮ ይውላሉ፤ ከሥሩ ሽማግሌ ተቀምጦ ጠብ ያበርዳል። ቦታውን ሁሉም «ዶቅማ» ይለዋል። ሀብታሙን ይህ አልዋጥ አለው። መንገዱን በድንጋይ ያስነጠፍኩ እኔ ሆኜ ሳለ፣ ሰፈሩ እንዴት በዛፍ ስም ይጠራል አለ። የሰፈሩ መጠሪያ እንዲሆን የራሱን ስም አስቀርጾ ከመግቢያው ላይ ሐውልት አቆመ። ሰዉ ግን በሐውልቱ በኩል እያለፈ «ዶቅማ ደረስን» ማለቱን አልተወም። እንዲያውም አንድ ቀልደኛ፣ የጌታው ሐውልት የት ነው ቢሉት፣ «ዶቅማ ስትደርስ በስተግራህ ታገኘዋለህ» አለ። ሀብታሙ ይህን በሰማ ጊዜ ዛፉን አስቆረጠ፤ ጉቶውንም አስነቀለ።

አንድያ ሴት ልጁ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው። አፏን ፈትታ መሮጥ ስትጀምር፣ በገበያ ቀን ከሞግዚቷ እጅ አምልጣ ጠፋች። ሀብታሙ ሰው በየአቅጣጫው ሰደደ፤ ራሱም ወጣ። የሰፈሩን ስም በሐውልቱ ላይ እንዳስቀረጸው እየጠራ፣ ከዚያ የጠፋች ልጅ አያችሁ ወይ ቢል፣ የት ነው እሱ የሚለው እንጂ የሚያውቀው አልተገኘም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሐውልቱ ሥር ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ከወንዙ ማዶ ሰዎች ሲመጡ አየ። ልጁ በአንዲት ጨው ሻጭ ትከሻ ላይ ናት። ሴትዮዋ፣ የማን ልጅ ነሽ ብትላት «የአባባ» ከማለት በቀር ምንም እንዳልመለሰችላት እየሳቀች ነገረችው።

«ሰፈርሽስ ብላት ‹ዶቅማ› አለችኝ። ወንዝ ማዶ ብንኖርም እኛም የዚያው ነን፤ ይዘናት መጣን።»

ሀብታሙ ዛፉ ወደነበረበት ዞረ። ያለው ሰማይ ብቻ ነው። ልጁ ያንን ዛፍ በዓይኗ አላየችውም። ዛፉ ቆሞ በነበረበት ዘመን እንኳ ጥላው ወንዙ ጋ አይደርስም ነበር፤ ስሙ ግን ዛፍም ሥርም ሳይኖረው ወንዙን ተሻግሮ፣ የማያውቃቸውን ሰዎች ጎረቤት አድርጎ፣ ልጁን በትከሻ አምጥቶለታል። ሀብታሙ ቤተ መቅደስ ደጃፍ እንደደረሰ ሰው ጫማውን አወለቀና ባዶ እግሩን ቆመ።

የኔታ ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«ልጄ፣ የሰፈር ስም የዚያ ዶቅማ ጥላ ነው። ማን እንደዘረጋው አይታወቅም፤ መጥረቢያም አያገኘውም። አዲሱም ስም ቢሆን የጠፋን ሰው ቤቱ ማድረስ የቻለ ቀን እሱም ስም ይሆናል፤ እስከዚያው ሁለቱንም ጻፋቸው። ወሰኑን ግን ከድንጋይ አትጀምር። በእግርህ ሂድና፣ ከዚህ ሰፈር የጠፋ ልጅ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ እያልክ ጠይቅ። ‹የእኛ ልጅ ነው፣ እንመልሰዋለን› የሚሉህ እስካሉ ድረስ መስመርህን አታቁም፤ እንዲህ የሚል ሲጠፋ እዚያ አቁመው።»