የጋሼ ጫኔ ዱላዎች በአውሮፕላን

ደባርቅ ውስጥ ሰው ለጥቅሙ ብሎ የሌለበትን ሕመም ሲያቃስት፣ ከጎኑ ያለው ፈገግ ብሎ ጣል የሚያደርጋት አነጋገር አለች። አነጋገሯን ሁሉም ያውቃታል። በጋሼ ጫኔ ምክንያት እንደመጣች የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ እሳቸውማ ቢጠየቁ ይክዳሉ።

ጋሼ ጫኔ በሰሜን ተራሮች እንግዳ እየመሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ሥራውን ሲተዉ አንድ ፈረንጅ እየተሳበ የሚረዝምና የሚያጥር የተራራ መውጫ ዱላ ጥንድ አድርጎ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ ገበያም፣ ለቅሶም፣ ቤተ ክርስቲያንም ከዱላዎቹ ጋር ሆነ። ያገሩ ወንድ ድሮም ያለ ዱላ ከቤት አይወጣም፤ እሳቸው ደግሞ በሁለት ይወጡ ጀመር። ሚስታቸው እንኳ «እኔን ገበያ ረስቶኝ ይመጣል፤ ዱላውን ግን አይረሳም» ትላለች።

ታዲያ ያሳደጉት የወንድማቸው ልጅ አበጀ፣ ትርንጎ የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ወደደ። ጋሼ ጫኔ ሽማግሌ ሆነው ሊጠይቁለት ከመሪጌታ ቢያድግልኝ ጋር ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ደረሱ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ቤት ትተው ነው የመጡት። አዲስ አበባም መቋሚያ አይጠፋም ነው ያሉት።

ፍተሻው ላይ ጉድ ፈላ። ፈታሿ ልጅ ዱላዎቹን አገላብጣ አየችና ጫፋቸው ሹል ስለሆነ ከሰው ጋር አይገቡም፣ ተመልሰው ከሻንጣ ጋር ያስጭኑ አለቻቸው። ጋሼ ጫኔ ተንጨረጨሩ። ሻንጣ ሲጠፋ እየሰሙ? ደግሞስ ሰው ደጅ ለሽምግልና ባዶ እጃቸውን ሊቆሙ ነው? ተቆጡ፣ ለመኑ፣ የሰሜንን ተራሮች አንድ በአንድ ጠሩ። ልጅቱ ንቅንቅ አላለችም።

«አባቴ፣ ያለ ምርኩዝ መራመድ የማይችል ሰው ካልሆነ በቀር አይፈቀድም» አለቻቸው።

ይህን እንደሰሙ የጋሼ ጫኔ ግራ እግር ታመመ። ሁለት እርምጃ አነከሱና ግድግዳ ተደግፈው አቃሰቱ። መሪጌታ አላየሁም ለማለት ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ልጅቱ ግን ወዲያው ተሽከርካሪ ወንበር አስመጥታ አስቀመጠቻቸውና፣ እንግዲህ ዱላው አያስፈልግዎትም ብላ ዱላዎቹን ወደ ጭነት ላከቻቸው። ሰውዬው እግራቸውንም ዱላቸውንም ባንድ ጊዜ አጡ።

አንዴ ካነከሱ ወዲያ ደግሞ መዳን የለም። ተደግፈው አውሮፕላኑ ውስጥ ተቀመጡ። አጠገባቸው የነበሩት ደርባባ ሰው ቀበቶ አሰሩላቸው፣ ውሃ አቀበሏቸው፣ በሐዘኔታም ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ጠየቋቸው። የጋሼ ጫኔ አፍ ከተከፈተ መዝጊያ የለውም። የዘር ነው አሉ። አያታቸውንም፣ አባታቸውንም ይኸው ነው የጣላቸው፤ የቤቱ ወንድ ሃምሳን ሲያልፍ እግር የሚባል ነገር አይኖረውም። ሰውየው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«አሁንም የወንድሜን ልጅ አበጀን ልድር ነው» አሉ ጋሼ ጫኔ በጨዋታው ሞቅ ብለው። «ሳይይዘው ቶሎ ያግባ ብለን ነው።»

ሰውየው ድንገት ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ጋሼ ጫኔ በጣም አዘኑልኝ ብለው ደስ አላቸው። ከኋላ የተቀመጡት መሪጌታ ሳል በሳል ሆኑ፤ ሰሚ ግን አላገኙም።

አዲስ አበባ ሲደርሱ ዱላዎቹ በሰላም ወጡ፤ እግሩም አብሮ ዳነ። በማግስቱ ሁለቱ ሽማግሌዎች የትርንጎ አባት ወደሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ሄዱ፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጋሼ ጫኔ እየቀደሙ ወጡ። በሩን የከፈቱት ያ የአውሮፕላኑ ሰው ናቸው። ለካ የትርንጎ አባት አቶ ልየው የአበጀን ዘር በስውር ሊያጠኑ ደባርቅ ድረስ ሄደው፣ አንድ ነውር አጥተው፣ ደስ ብሏቸው ሲመለሱ ኖሯል።

ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥምና እንደ ወጉ ቆመው ጠየቁ። ጋሼ ጫኔ ከመሪጌታ ጀርባ ስለተሸሸጉ የጠየቁት መሪጌታ ናቸው።

«ሃምሳ ሲሞላው ለሚሽመደመድ ሰው ልጄን አልድርም» አሉ አቶ ልየው።

ጋሼ ጫኔ ክው አሉ። አበጀ እናት አባቱን በልጅነቱ ያጣ፣ በእጃቸው በልቶ ያደገ ልጅ ነው። ትርንጎን ካሳጡት በምን ዓይናቸው ያዩታል? ዱላዎቹን ጣሉና ሳሎኑ መሐል ዘለሉ። ቡፌው ውስጥ ያለው ብርጭቆ እስኪንጫጫ ደጋግመው ዘለሉ። እግሬ ደህና ነው፣ የአባቴም ደህና ነበር፣ አያቴማ ገደል ለገደል ከዝንጀሮ ጋር ይሽቀዳደም ነበር አሉ።

«እንግዲያው ደህና እግር ያለዎት ውሸታም ነዎት» አሉ አቶ ልየው። «ታዲያ ለልጄ የትኛው ዘር ይሻላታል?»

የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። አራተኛ ፎቅ ላይ ድንጋይ ከየት ይምጣ? ጋሼ ጫኔ ዱላዎቹን አንሥተው ማጅራታቸው ላይ አጋደሙና ተንበረከኩ። ከፍተሻው ጀምረው ሁሉንም ተናዘዙ፤ ልጁ ውሸት አያውቅም፣ ይህን ከእኔ አልወረሰም ብለውም አለቀሱ። አቶ ልየው ሳቃቸውን ሊውጡ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ትከሻቸው ግን አሳበቀባቸው።

ፍርዱም ተሰጠ። ትርንጎ ለአበጀ ትዳራለች። ጋሼ ጫኔ ግን ሠርጉን ሙሉ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ይውላሉ፤ ብድግ ቢሉ ወዮላቸው።

በእስክስታ ደግሞ ደባርቅ ላይ አቻ የላቸውም። የሠርጉ ዕለት ከበሮው ሲደለቅ ትከሻቸው በላቸው። አበጀ ሙሽራዪቱን ይዞ መሐል ገባና በእጁ ጠራቸው። ይህን ቀን ነበር ልጁን ሲያሳድጉ የጠበቁት። አላስችል ብሏቸው የወንበሩን እጀታ ጨብጠው ሊነሡ ሲሉ፣ መሪጌታ ከኋላ ሁለቱን ዱላዎች ትከሻቸው ላይ ጫን አድርገው እንዲህ አሏቸው፦ «ተቀመጥ ጫኔ፤ ለዱላው ብሎ ያነከሰ፣ ለጭፈራው አልደረሰ።»