በወይራምባ ጭስ የማይቆጠረው ስለ ምን እንደ ሆነ

ከወይራምባ መንደር በስተምሥራቅ፣ ላሞች ተኝተው የሚያመሰኩበት አንድ መላጣ ኮረብታ አለ። ስሙ ጭስ ማያ ነው። አናቱ ላይ እስከ ሰው ወገብ የደረሰ፣ በሦስት ጎን ብቻ የቆመ ያላለቀ የድንጋይ ካብ ይታያል። ታሪኩን የማያውቅ እንግዳ የከብት በረት ይመስለዋል፤ አገሬውም አይደለም ብሎ አይከራከረውም።

በየዓመቱ ከታኅሣሥ ገብርኤል በኋላ ባለው በአምስተኛው ቀን በወይራምባ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ምድጃ አይነድም። ትልቁም ትንሹም በሶ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ይጠጣል። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ግን ሰው ሁሉ ወጥቶ በየማሳው ዳር ገለባና እርጥብ ቅጠል ያቀጣጥላል፤ ጭሱ ሸለቆውን ሞልቶ ቤት ከቤት አልለይ ሲል፣ በቅርብ ቀን በወለደች ሴት ቤት ውስጥ ምድጃ ይነድዳል፤ የቀረው መንደር ከእሷ እሳት ጭሮ ወደየቤቱ ይወስዳል። በዚህ አገር ጭስ መቁጠር ደግሞ ነውር ነው። ማዶ ያሉትን ቤቶች በጣቱ እየጠቆመ አንድ፣ ሁለት የሚል እንግዳ ካለ፣ አጠገቡ ያለው ሰው እጁን ቀስ አድርጎ ያወርድለታል። ተቆጥቶ አይደለም፤ ፈርቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር ይላሉ ሽማግሌዎች። ዘመኑን በትክክል የሚናገር የለም፤ አንዱ «ከክፉ ቀን በፊት ነው» ሲል ሌላው «የለም፣ በኋላ ነው» ይላል፤ ክብሪት እንዳልነበረና እሳቱ የጠፋበት ቤት ከጎረቤት ይጭር እንደነበረ ግን ሁለቱም ይስማማሉ። በዚያ ዘመን ግራዝማች ይርዳው የሚባል ሰው ምስለኔ ሆኖ ወደ ወይራምባ መጣ። በአባት ደንብ እያንዳንዱ ቤት በወር አንድ ቀን የሹሙን እርሻ ይሠራ ነበር፤ ከዚያ በላይ የጠየቀ ሹም አልነበረም። ግራዝማቹ ግን ኮረብታው ላይ ግንብ አማረው። ከማን ጠላት ሊጠበቅበት እንደሆነ አልታወቀም፤ በወይራምባ ዙሪያ ከዝንጀሮ በቀር ጠላት አልነበረም። ቢሆንም እህል ሊታጨድ በደረሰበት ሰሞን ነጋሪት አስጎስሞ፣ «ጭስ የታየበት ቤት ሁሉ በየማለዳው አንድ ሰው ለግንቡ ይስጥ» የሚል አዋጅ አስነገረ።

ቆጣሪው አንዳርጌ የሚባል የግራዝማቹ አሽከር ነበር። ጎህ ሲቀድ ጋቢውን ተከናንቦ ኮረብታው ላይ ይቀመጥና፣ አንድ ጭስ ባየ ቁጥር አንድ ጠጠር ወደ ከረጢቱ ይጥላል። ቁጣ የሌለበት ዝምተኛ ሰው ነበር ይባላል፤ ያን ያህል የተፈራውም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ጠጠሩ በዝቶ ሰው ያነሰ እንደሆነ ጭፍሮች ወርደው የቀረውን ቤት ይፈልጋሉ፤ የተገኘው ሰው ቀኑን ሙሉ በውርጭ ከካቡ ጋር ታስሮ ይውላል። ድሮ ጭስ ከሳር ክዳን ሾልኮ ሲወጣ መንገደኛ እንኳ «ሰው አለ» ብሎ ይጽናና ነበር። አሁን ጭስ ከሳሽ ሆነ። ሴቶች ምድጃቸው ላይ እፍ ከማለታቸው በፊት ደጅ ብቅ ብለው ኮረብታውን ያዩ ጀመር፤ ያልታጨደው ገብስም ማሳ ላይ ረገፈ።

አንጓች የምትባል፣ ባልም ልጅም የሌላት ሴት ነበረች። ከቤቷ የሚላክ ሌላ ሰው ስላልነበረ ራሷ ድንጋይ ስትሸከም ቆይታ፣ አንድ ቀን ድንጋዩ እግሯ ላይ ወድቆ ሰበራት። በማግስቱ ቁስሏን ልታጥብ ውሃ አሞቀች፤ ጭሱም ተቆጠረ። ጭፍሮቹ ደጇ ላይ ቆመው፣ «ጭስሽ ታይቷል፣ ሰው አምጪ» አሏት።

ያኔ ሽማግሌዎች ተሰብስበው አያ ውብነህ የሚባለውን አፈኛቸውን አስቀድመው ወደ ኮረብታው ወጡ።

«ጌታዬ፣ አንጓች እግሯ ተሰብሯል። ቤቷ ሌላ ሰው የለም» አለ አያ ውብነህ።

«ጭስ ወጥቷል ወይስ አልወጣም?»

«ወጥቷል ጌታዬ። ቁስሏን ልታጥብበት ነው።»

«እኔ ስለ እግር ምን አገባኝ? ያዘዝኩት በጭስ ነው» አለ ግራዝማቹ፤ ጭፍሮቹ ሲስቁለት ጊዜ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጭስ ካልታየበት ቤት አንድም ሰው አልጠይቅም፤ ንጉሥ ይሙት!» ብሎ ማለ።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወረዱ። አንጓች ከተኛችበት ሆና የተባለውን ስትሰማ፣ «ንጉሥ ይሙት ብሏል?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀች ይባላል።

«ብሏል» አለ አያ ውብነህ፤ «ግን ምን ይረባናል? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

«ማን ንጉሥ ይከሰስ አለ? እኔ ምድጃዬን ላጠፋ ነው» አለችው።

ከዚያ በኋላ ሸንጎ አልተጠራም፣ በሰው ፊት ቆሞ የተናገረም አልነበረም። አንጓች ከቤት ስለማትወጣ እሳቷ አይጠፋም፤ ሴቶቹም ገል ይዘው እሳት ሊጭሩ ይመጣሉ፤ እያንዳንዷ ፍሟንና አንዲት ቃል ይዛ ትመለሳለች። ቃሉም፦ ከገብርኤል ማግስት ጀምሮ እስከ ልደት ማንም ምድጃ አያነድም፤ ግራዝማቹ በልደት ማግስት የአገሩን ጭስ ቁጥር ይዞ ከበላዩ ከደጃዝማቹ ፊት መቅረብ አለበት፤ ጭስ የሌለው አገር ሰው የሸሸው አገር ነው፤ ሰው የሸሸው ሹም ደግሞ ይሻራል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ገብስ ተቆላ፣ ተፈጨ፣ በሶ በየቅሉ ሞላ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የወይራምባ ሽማግሌዎች ይህን ተረት አይወዱትም፤ ድሩ ስንት ቀን ሲንቀጠቀጥ እንደከረመ አይናገርም ይላሉ። እውነትም በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ጎረቤት ጎረቤቱን ፈራ፤ ባል ሚስቱ ልጆቿ ሲበርዳቸው አትችልም ብሎ፣ ሚስትም ባሏ ጠላ ቤት ያወራል ብላ ተፈራሩ። አንድ ሰው አንድ ምድጃ ካቀጣጠለ ሁሉ ነገር እንደሚፈርስ ያላወቀ አልነበረም።

በገብርኤል ማግስት አንዳርጌ ባዶ ከረጢት ይዞ ወረደ። ግራዝማቹ ሳቀ። በሁለተኛው ቀን ጭፍሮቹ በየቤቱ ገብተው አመዱን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ቀዝቅዟል። ሰዉም እንደተማከረው፣ «እሳታችን ጠፋ፤ ከማን እንጫር?» ብሎ መለሰ። ጭፍሮቹ የሚበሉት ከየቤቱ የሚሰፈርላቸውን እንጀራ ስለነበር እነሱም ጾማቸውን ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ግራዝማቹ መሳቁን ተወ። በአራተኛው ቀን ከኮረብታው ቁልቁል ሲያይ ሸለቆው መቃብር መሰለው፤ ፈራም፤ የሹም ፍርሃት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነውና አዲስ አዋጅ አስነገረ።

«እሳት የለንም ብላችኋል፤ እሺ። ከእንግዲህ ጭስ የታየበት ቤት ግን እሳት ደብቆ ሹም የሸነገለ ነው። ያን ቤት ከነሰዎቹ አነደዋለሁ። እሳት የለንም ያላችሁም ከእሱ ትጭራላችሁ።»

በመንደሩ ደመላሽ የሚባል ወጣት ገበሬ ነበር። ከሁሉ የሚበልጥ ፈሪ እሱ ነበር ይላሉ፤ ውሻ ሲጮህ ይደነግጣል፣ የአዋጁን ዕለትም ከቤት አልወጣም። ሚስቱ ትርንጎ የመጀመሪያ ልጇን እርጉዝ ነበረች። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ በአምስተኛው ቀን ማለዳ፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ ባደረገበት ሰዓት፣ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ አላለቀሰችም። ከንፈሯ ጠቆረ። ሴቶች ተሰብስበው ጋቢ በጋቢ ላይ ደረቡላት፣ በጎቹን ወደ ውስጥ አስገብተው በትንፋሻቸው ሊያሞቋት ሞከሩ፣ በየተራ ደረታቸው ላይ አቀፏት። አልሞቀችም። አዋላጇ ደመላሽን ሳታየው፣ «እሳት ካልሆነ እስከ ቀትርም አትደርስ» አለች።

በመንደሩ አንድ እሳት ብቻ ነበር፤ አንጓች ጭፍሮቹ እንዳያገኙት ከምድጃው አርቃ፣ ከመደቧ ሥር በሰባራ ጋን ውስጥ በአመድ ዳፍና ያቆየችው ረመጥ። ልደት ሲያልፍ አገሩ ሁሉ ከእሱ ሊጭር ነበር የታሰበው። ደመላሽ ደጇ ላይ ቆመ።

«እትዬ አንጓች፣ ልጄ እየቀዘቀዘች ነው።»

«ጭስህ ከታየ ያነዷችኋል» አለችው አንጓች።

«አውቃለሁ።»

«አልፈራህም?»

«ፈርቻለሁ።»

«እኔም» አለችና አመዱን ገለጠችለት።

ደመላሽ ፍሙን በገል አድርጎ በጋቢው ሸፍኖ ወሰደው። ገሉ ሲግል መዳፉን ጠበሰው፤ ቢጥለው ሌላ እንደማያገኝ ስላወቀ አልጣለውም። ቤቱ የነበረው ኩበት በውርጩ ርሶ ስለነበር ሲቀጣጠል ጥቁርና ወፍራም ጭስ አወጣ። ነፋስ አልነበረም። ጭሱ ከክዳኑ ወጥቶ ቀጥ ብሎ እንደ ገመድ ቆመ፤ በአራት ቀን በመንደሩ የታየ የመጀመሪያው ጭስ ስለነበረ ያላየው ሰው አልነበረም። ኮረብታው ላይም አንዳርጌ ከተቀመጠበት ተነሣ።

አንጓች እግሯን እየጎተተች እስከ ደጇ ወጥታ ነበር። ጭሱን አየች፣ ቀጥሎ ኮረብታውን አየች። በዚህ ጊዜ ምን እንዳሰበች የሚያውቅ የለም፤ እሷም በኋላ ስትጠየቅ፣ «ፈርቼ ነው» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረችም ይባላል። የቀራትን ረመጥ በሙሉ ዝቃ ደጇ ላይ ባለው የገለባ ክምር ላይ በተነችው፤ በላዩም እርጥብ ቅጠል ጫነችበት። የዓመት የከብት መኖ ነበር። ጎረቤቷ ያንን ሲያይ ሮጦ መጣ፤ ሊያጠፋ ነው ሲባል አንድ እፍኝ የሚነድ ገለባ ነጥቆ ወደ ራሱ ክምር ሮጠ። ከእሱ ሌላው፣ ከሌላውም ሌላው ጫረ። ያዘዘ አልነበረም። እያለቀሱ የሮጡም ነበሩ። አንድ እንጀራ በሚጋገርበት ጊዜ ውስጥ የወይራምባ ገለባ ሁሉ በየሜዳው ጨሰ፤ ሸለቆው ሞላ፤ የደመላሽ ጭስም ከመካከሉ ጠፋ።

ግራዝማቹ ከድንኳኑ ወጥቶ ወደ አንዳርጌ መጣ።

«የቱ ቤት ነው?»

«አይለይም ጌታዬ።»

«ቁጠር!»

አንዳርጌ ረጅም ጊዜ ቁልቁል አየ። ከዚያ ዞር አለና ከኋላቸው፣ ኮረብታው ላይ፣ የግራዝማቹ ምሳ ከሚበስልበት ጎጆ የሚወጣውን ጭስ ተመለከተ። አንድ ጠጠር ወደ ከረጢቱ ጣለ።

«የሚለይልኝ አንድ ብቻ ነው» አለ። «እሱም የእርስዎ ነው።»

በዚያ ላይ የሳቀ ጭፍራ አልነበረም። ግራዝማቹ ቤቱን ፈልገው እንዲያነዱ ሰደዳቸው፤ እነሱም እያሳሉ ጭሱ ውስጥ ገብተው፣ ባገኙት እሳት ሁሉ ዳር የቆመ ሰው አገኙ። «ይህ የማን ቤት ጭስ ነው?» ሲሉ፣ «የቤት አይደለም፣ የሜዳ ነው» የሚል መልስ ብቻ ሰሙ። መላሹም እየፈራ ገለባ ይጨምርበት ነበር። ቀን ሲገፋ ግን አራት ቀን ያልበሉት ጭፍሮች አንድ በአንድ እሳቱ ዳር ተቀመጡ፤ ሴቶቹም በሶ ሰጧቸው። ልጅቱ ወደ ቀትር ገደማ አለቀሰች። ድምፅዋን የሰማው ጭፍራ ወደ ደመላሽ ቤት ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ መልሶ በሶውን መጠጣት ቀጠለ።

እንደሚነገረው፣ ግራዝማች ይርዳው በልደት ማግስት ከደጃዝማቹ ፊት ሲቀርብ የጭስ ቁጥር አልነበረውም። ቆጣሪው ሲጠራም አንዳርጌ ባለ አንድ ጠጠሩን ከረጢት ዘርግፎ፣ በንጉሥ ስም የተማለውን መሐላ ከነምክንያቱ ተናገረ። ተሻረ የሚሉ አሉ፤ ራሱ ታምሞ ሄደ የሚሉም አሉ። ግንቡ በሦስት ጎኑ ቀረ። ወይራምባ ግን አልጨፈረችም። በዚያ ዓመት መኖ ስላልነበረ ብዙ ከብት አለቀ፤ ሰዉም ለብዙ ዘመን የፈረስ ኮቴ በሰማ ቁጥር ምድጃውን በአመድ ይዳፍን ነበር።

ልጅቱን ጋረዱሽ አሏት። የእናቴ ቅድመ አያት ናት። በቤታችን ይህ ነገር ለረጅም ዘመን በግልጽ አይወራም ነበር፤ በእነዚያ ቀናት ምድጃ ያነደደው ቤት የእኛ ስለሆነ፣ ቃል ያፈረሰ ዘር እንዳንባል ይታፈር ነበር። ሌላው ሁሉ የአንጓች ዘመድ ነኝ ይላል፤ ሴትዮዋ ልጅ እንዳልነበራት እያወቀ። እኔ የተወለድኩት በታኅሣሥ ነው፤ በዚያ ዓመት አገሩ ሁሉ እሳት የጫረው ከእናቴ ምድጃ ነበር። ያን ቀን አንድ ሽማግሌ ፍሙን ከጫረ በኋላ መዳፌን ገልጦ፣ ጠባሳ የሚፈልግ ይመስል ብዙ አየው ብላ እናቴ ነግራኛለች።

አሁን ሹሙም ተለውጧል፣ ክብሪትም በየሱቁ ነው። ሆኖም በአምስተኛው ቀን፣ ጭሱ ሸለቆውን ሲሞላ፣ አራሷ ቤት ምድጃው ሲነድ፣ በየማሳው ዳር የቆመው ሰው እሳቱን አያይም። ትንሹም ትልቁም ቀና ብሎ ጭስ ማያን ነው የሚያየው፤ የሚቆጥር ሰው ተቀምጦ እንደሆነ።