ወደ ኋላ የማይመለሰው ስሌት

ዶክተር ልሳነወርቅ የሚመሩት መሥሪያ ቤት ስሌትን ወደ ኋላ የሚመልስ ፕሮግራም አሠራ። የወጣውን ቁጥር ሲሰጡት መጀመሪያ የገባውን ፈልጎ ያገኛል። ዶክተሩ በቢሯቸው እንግዶች ጠርተው ሲያስመርቁት አንዱ እንግዳ ተንኮል አማረውና የገባለትን ቁጥር ሁሉ ዜሮ የሚያደርግ ስሌት ሰጠው። ፕሮግራሙ «መመለስ አይቻልም» ብሎ ቆመ። እንግዶቹም ሳቁ።

ዶክተሩ ፕሮግራሙን የጻፈችውን ሴት እዚያው አስጠርተው ጮኹባት።

«እኔ በምመራው ቤት አይቻልም የሚባል ቃል የለም! አሁኑኑ አንድ ቁጥር እንዲመልስ አድርጊው። አለዚያ ሥራሽን ልቀቂ!»

ሴትየዋ የፈጠራ ቁጥር ብታስወጣ ነገ አንድ መሐንዲስ አምኖት ድልድይ እንደሚሠራበት ታውቃለች። ዶክተሩ በዚያው ጠዋት ውሳኔ የጻፉባቸውን አራት ማመልከቻዎች ከጠረጴዛቸው ላይ አነሣች። አንደኛው የራሷ የፈቃድ ጥያቄ ነው። ጽሑፉን በወረቀት ሸፍና ከዳር የጻፉትን ብቻ አሳየቻቸው። አራቱም ላይ «አይቻልም» ይላል።

«እስቲ ዶክተር፣ የትኛው ሰው ምን ጠይቆ ነበር?»

«በምን ልወቅ? ሁሉም አንድ ዓይነት ነው!»

«የፕሮግራሙም ችግር ይኸው ነው። የገባው ሁሉ አንድ ሆኖ ከወጣ፣ ምን እንደገባ ከየት ይታወቃል?»

ዶክተሩ ፊታቸው ቀላ። «እኔን ከማሽን ጋር ልታስተካክይ?»

«ኧረ በፍጹም! ማሽኑ እኮ አይቻልም ያለው የቀረበለትን አንብቦ ነው።»