የቻካው ቅርንጫፍና የዘጠኝ ቀን ቪዛ

ለመሆኑ አንድ ሰው የገዛ እህቱን ለማየት የስንት ጉንዳን ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም ነበር። ሰባ ሁለት ዓመት ኖሬ፣ አንድ ክፍል ሙሉ መጽሐፍ አንብቤ፣ ይህን የነገረኝ አንድም ደራሲ የለም።

የፈለግሁት ትንሽ ነገር ነበር። ታላቅ እህቴ ትርንጎ ዓይኗ እየጠፋ ነው። ሐኪሟ ቢቆይ ቢቆይ እስከ መስከረም ነው ብሏታል። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ፊቴን እንድታየው ፈለግሁ፤ ይኸው ነው። በስልክ ምስል ሞክረነዋል። «ጭጋግ ነው የምታሳዪኝ፤ ጭጋጉ ደግሞ ያወራል» አለችኝ። ፊቴን ከፊቷ አስጠግቼ፣ በቀን ብርሃን ካልቆምሁ በስተቀር አታየኝም። ለመጨረሻ ጊዜ የተያየነው እናታችንን የቀበርን ዕለት ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው።

ትርንጎ የምትኖረው በስተሰሜን ባለች አንዲት ቀዝቃዛ አገር ነው። የአገሪቱን ስም አልጠራም፤ አገሪቱም የእኔን ስም አስተካክላ ጠርታው አታውቅም። እኔ የምኖረው ሕንድ፣ ኬረላ ውስጥ ነው። አሰላ ሒሳብ ያስተምር የነበረ ቫርጊስ የሚባል ሕንዳዊ መምህር አገባሁና፣ ቤተሰቦቹን ለሁለት ወር ልተዋወቅ ብዬ አብሬው ሄድሁ። ሁለቱ ወር አርባ ስምንት ዓመት ሆነ። ባሌ ሞተ፤ እኔም የሕንድ ፓስፖርት ይዤ ቀረሁ። በሕንድ ፓስፖርት ደግሞ ሰው አገር አይጎበኝም፤ ያመለክታል።

ቪዛውን የሚሰጠውን ወይም የሚከለክለውን አካል ያየው ሰው የለም። ኮቺ ከተማ ውስጥ ፋይል የሚቀበል ቢሮ አለ፤ በቢሮው ውስጥ መስኮት ቁጥር ሰባት አለ፤ ከመስኮቱ ኋላ ሪያ የምትባል ጨዋ ልጅ ተቀምጣለች። እሷም አትወስንም፤ የሚወስነው ማን እንደሆነም አታውቅም። ባነበብኋቸው ታሪኮች ውስጥ ጨካኝ ንጉሥ እንኳ ሰው ሲከለክል ፊቱን ያሳያል።

እህቴን ልጠይቅ ነው ብል፣ እህቴ ራሷ ማዘጋጃ ቤት ቀርባ የግብዣ ወረቀት ላይ መፈረም ነበረባት፤ የፊርማው መስመር የት እንዳለ ማየት ለማትችል ሴት የተዘጋጀ ደንብ ነው። ስለዚህ ቱሪስት ሆንሁ። ጆሮዎቼ የሚታዩበት ፎቶግራፍ ተነሣሁ። የየቀኑን ዕቅድ ጻፍሁ፦ አንደኛው ቀን እህቴ ጋ፣ ሁለተኛው ቀን እህቴ ጋ። ሪያ ቱሪስት ቢያንስ አንድ ሙዚየም ማየት አለበት ብላ መለሰችልኝ። አንድ የመርከብ ሙዚየም ጨመርሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፓስፖርቴ ከአንድ ወረቀት ጋር ተመለሰ። ጉብኝትዎን ጨርሰው ወደሚኖሩበት አገር እንደሚመለሱ አላመንንም ይላል።

እውነቱን ለመናገር ግምታቸው መጥፎ አይደለም። ለሁለት ወር ሄጄ አርባ ስምንት ዓመት የቀረሁ ሴት ነኝ። ግን ያንን እነሱ አያውቁም፤ በጭፍን ነው ያገኙት።

«መሬት አለዎት፣ አማቺ?» አለችኝ ሪያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። አማቺ በዚያ አገር እማማ እንደማለት ነው። «መሬት ያለው ሰው ይመለሳል ብለው ያምናሉ። የይዞታ ወረቀት ይዘው ይምጡና እንደገና እናስገባለን።»

እንግዲህ መስኮቱ ቪዛ አልሰጥም አለ፤ ትርንጎም አላየችኝም።

የይዞታ ወረቀት የሚሰጠው የመንደራችን ቢሮ ነው። እዚያ ሱጃታ የምትባል ኃላፊ አለች፤ ማኅተሟን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ቤቱ የእኔ እንደሆነ ታውቃለች፤ የባሌ ተማሪ ስለነበረች ግቢዬ ውስጥ ሒሳብ ስትማር አድጋለች። ነገር ግን የድንበር ክርክር እንደሌለብኝ የምሥራቅ ጎረቤቴ መፈረም አለባት። በየትኛው ሕግ እንደሆነ ጠየቅኋት። «በድሮው ነው፣ አማቺ» አለችኝ።

ሱጃታ አላትምም አለች፤ መስኮቱ ቪዛ አልሰጥም አለ፤ ትርንጎም አላየችኝም።

በዚያ ሳምንት ደወልሁላት። ጋዜጣ ማንበብ አቁማለች። ደህና አደረግሽ፣ ምንም አላመለጠሽም አልኋት።

የምሥራቅ ጎረቤቴ አሌያማ ናት። አሌያማና እኔ አሥራ ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም፤ ምክንያቱም ቻካ ነው። ቻካ ቆዳው ሻካራ፣ አንዱ ፍሬ ጡት የጣለ ሕፃን የሚያክል፣ ከዛፍ ላይ የሚንጠለጠል ፍሬ ነው። ባሌ አንድ የቻካ ዛፍ ድንበሩ ላይ ተክሎ ሞተ። ዛፉ ግን አልሞተም፤ ቅርንጫፉን በአሌያማ ጣሪያ ላይ ዘረጋ። አንድ ቀን ፍሬው ሸክላውን ሰብሮ ገባና፣ ለልጇ ሠርግ የተዘጋጀው ምግብ መሐል ተቀመጠ።

በሯ ላይ ስቆም አልገረማትም። ቁጭ በይም አላለችኝም። ለእህቴ ዓይን በጣም አዝና፣ በየማታው እንደምትጸልይላት ቃል ገባች። ጸሎት ፊርማ አይጠይቅም።

«ቅርንጫፉ ይውረድ፤ ያኔ ብዕር አነሣለሁ» አለችኝ። «አንቺ ሄደሽ ብትቀሪ ዛፉን ማን ሊቆርጥልኝ ነው?»

እሷም እንደማልመለስ ታምናለች። ከሰሜን ሰዎች ጋር መቼ እንደተመካከሩ አላውቅም።

ቅርንጫፉ አልወርድም አለ፤ አሌያማ አልፈርምም አለች፤ ሱጃታ አላትምም አለች፤ መስኮቱ ቪዛ አልሰጥም አለ፤ ትርንጎም አላየችኝም።

በሦስት መንደር ውስጥ የቀረን ዛፍ ወጪ አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ዓረብ አገር ሄደው ሹፌር ሆነዋል። ይህ የቀረው ራጋቫን ይባላል፤ እንደ ሚኒስትር በቀጠሮ ነው የሚገኘው። መጣ፤ ዛፉን አንድ ጊዜ ዞረው፤ ቀና ብሎ አየና መጥረቢያውን መልሶ ወገቡ ላይ ሻጠ። ቅርንጫፉ በቀይ ጉንዳን ተወርሯል። እነዚህ ጉንዳኖች ቅጠል ከቅጠል ሰፍተው ቤት ይሠራሉ፤ ሰው ሲነካቸው መቶ ሆነው ይወርዱበታል።

«አማቺ፣ ዛፉ የእርስዎ ነው፤ ጉንዳኑም የእርስዎ ነው» አለኝ ራጋቫን። «ቆዳው ግን የእኔ ነው።»

ክርክሩ እንከን የለውም። ስለዚህ ወደ ጉንዳኖቹ ሄድሁና ከዛፉ ሥር ቆሜ፣ የታመመች እህት እንዳለችኝ ነገርኋቸው። ከሁሉም ቢሮ ይልቅ ቶሎ የመለሱልኝ እነሱ ናቸው፤ አንገቴን ነከሱኝ።

ጉንዳኑ አልለቅም አለ፤ ራጋቫን አልወጣም አለ፤ ቅርንጫፉ አልወርድም አለ፤ አሌያማ አልፈርምም አለች፤ ሱጃታ አላትምም አለች፤ መስኮቱ ቪዛ አልሰጥም አለ፤ ትርንጎም አላየችኝም።

ጉንዳን የሚሸሸው ደረቅ የእንጨት አመድ ሲነሰነስበት ነው አለ ራጋቫን። ታዲያ በዚህ ዘመን አመድ ከየት ይመጣል? ሁሉም በጋዝ ያበስላል። በእንጨት ምድጃ የሚሠራ አንድ ሻይ ቤት ቀርቷል፤ የፓፓቻን ነው። ፓፓቻን አመድ ሲለመን በሕይወቱ የመጀመሪያው ስለነበር ደስ አለው፤ ያለኝን ሁሉ ልስጥዎት አለ፤ ግን የለውም። ምድጃው ከጠፋ ወር አልፎታል፤ እንጨቱ ርሷል፤ እሱም እንደ ሰው ሁሉ ሻዩን በጋዝ ያፈላል። እንጨቱን ዳሰስሁት። ሰፍነግ ነው።

እንጨቱ አልደርቅም አለ፤ እሳቱ አልነድም አለ፤ አመዱ አልገኝም አለ፤ ጉንዳኑ አልለቅም አለ፤ ራጋቫን አልወጣም አለ፤ ቅርንጫፉ አልወርድም አለ፤ አሌያማ አልፈርምም አለች፤ ሱጃታ አላትምም አለች፤ መስኮቱ ቪዛ አልሰጥም አለ፤ ትርንጎም አላየችኝም።

ደወልሁላት። ሻይ ስትቀዳ ከኩባያው ውጭ እንደምታፈስ ነገረችኝና ሳቀች። ሐምሌ ነበር።

የቀረኝ ዝናቡ ነው። የኬረላ ዝናብ እንደ አገር ቤቱ ክረምት በሰኔ ይገባል፤ ልዩነቱ የኬረላው ጨዋታ አያውቅም። ወጥቼ ደጅ ቆምሁና ምን እንደሚፈልግ ጠየቅሁት። ፎቶግራፍ አልጠየቀኝም። ጆሮሽን አሳዪ አላለኝም። ብመለስ ባልመለስም ደንታ አልነበረውም። ዝም ብሎ ዘነበ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ቀጥተኛ ሆኖ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው።

ዝናቡ አላባራም አለ፤ እንጨቱ አልደርቅም አለ፤ እሳቱ አልነድም አለ፤ አመዱ አልገኝም አለ፤ ጉንዳኑ አልለቅም አለ፤ ራጋቫን አልወጣም አለ፤ ቅርንጫፉ አልወርድም አለ፤ አሌያማ አልፈርምም አለች፤ ሱጃታ አላትምም አለች፤ መስኮቱ ቪዛ አልሰጥም አለ፤ ትርንጎም አላየችኝም።

በነሐሴ መጨረሻ፣ ማንም ሳይለምነው፣ ዝናቡ ስድስት ቀን አባራ።

ፓፓቻን እንጨቱን መንገድ ዳር አሰጣ፤ በአራተኛው ቀን ምድጃው ነደደ፤ በአምስተኛው አንድ ባልዲ አመድ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ራጋቫን አመዱን በረጅም ቀርከሃ ጫፍ እያራገፈ በተነው፤ የቀረውን ገላውን ተቀባና ከመቃብር የተነሣ መስሎ ወጣ። ጉንዳኖቹ እንቁላላቸውን ተሸክመው፣ በሥርዓት ተሰልፈው፣ ወደ ሌላው ቅርንጫፍ ተዛወሩ፤ ማንም የይዞታ ወረቀት አልጠየቃቸውም። ቅርንጫፉ ወደቀ። አሌያማ ወጥታ ባዶውን ሰማይ ለረጅም ጊዜ አየችው። ጥላው እንደጠፋና ከእንግዲህ ቤቷ በበጋ ሊሞቅ እንደሆነ ነገረችኝ። ቢሆንም ፈረመች። ሱጃታ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ አተመች፤ ማኅተሙ ደብዝዞ ስለወጣ ደግማ አተመች። ሪያ ፋይሉን ተቀበለች። ለአንድ ወር ነበር የጠየቅሁት። መስከረም ሲጋመስ ፓስፖርቴ ዘጠኝ ቀን ታትሞበት መጣ። ዘጠኝ ለምን እንደሆነ አልተጻፈም። ምናልባት አንድ ሙዚየም የሚፈጀውን አስልተው ይሆናል።

ከመሄዴ በፊት ደወልሁና እንደምመጣ ነገርኋት። አሁንም ብርሃኑን ከጨለማው እለያለሁ አለችኝ። ድምፅዋ ደስ ያለው ነበር።

በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። ቀን ነበር፤ ፀሐይ ከኋላዬ ነበረች። ትርንጎ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ተመለከተች።

«ማነው?» አለች።

ዝናቡ አባራ፤ እንጨቱ ደረቀ፤ እሳቱ ነደደ፤ አመዱ ተገኘ፤ ጉንዳኑ ለቀቀ፤ ራጋቫን ወጣ፤ ቅርንጫፉ ወረደ፤ አሌያማ ፈረመች፤ ሱጃታ አተመች፤ መስኮቱ ቪዛ ሰጠ፤ ትርንጎም አላየችኝም።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አልኋት።

እጇን ዘርግታ ፊቴን ፈለገችው። ግንባሬን፣ የዓይኔን ሥር፣ አገጬን ዳሰሰች። አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል አለችኝ። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት፣ ብነግርሽ ምን ላደርግ ልምጣ ትዪ ነበር አለች። ልክ ናት፤ እል ነበር።

«ግድ የለሽም፣ ውቤ። እኔ ዘንድ አንቺ አሁንም አርባ አንድ ዓመትሽ ነው» አለችኝ። «ጥርስሽም ሙሉ ነው።»

ስምንቱን ቀን ሻዩን እኔ ቀዳሁ። መርከቦቹን አላየናቸውም። በዘጠነኛው ቀን ሻንጣዬን በሩ ላይ ሳቆም፣ ብትቀሪስ አለችኝ። የቀረች ሴት መሆኔን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። እመለሳለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ፤ አሌያማ ፈርማለች፤ ሱጃታ ሁለት ጊዜ አትማለች። በሕይወቴ አንድ ጊዜ፣ በተባልሁት ቀን፣ ወደተባልሁት ቦታ ልመለስ ነው። ለእነሱ የማይገባ ክብር ነው።

«እንግዲያስ ይቅር በያቸው» አለች ትርንጎ። «እኔ ይቅር ብያቸዋለሁ።»

«አንቺ በይ፤ ዓይኑ ያንቺ ነው።»

«መስኮት ላይ የምትቀመጠዋን ልጅ እንኳ?»

እሷንም አልኋት። የማይታየውን ፈራጅ ይቅር አልልም፤ ሪያን ይቅር አልልም፤ ሱጃታን ይቅር አልልም፤ አሌያማን ከነጸሎቷ ይቅር አልልም፤ ዛፉን የተከለውን ባሌን፣ ራጋቫንን ከነቆዳው፣ ጉንዳኖቹን አንድ በአንድ ይቅር አልልም።

«ዝናቡንስ?» አለች እየሳቀች።

«እሱንም።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ዓይኔ ደህና ሳለ፣ ማን ከልክሎሽ ነበር ብላ ጠየቀችኝ።

ያኔ መስኮት አልነበረም፤ ፊርማ የጠየቀኝም አልነበረም። ነገ ዛሬ እያልሁ ቀርቼ ነው። ሻንጣዬን አነሣሁ።

«ነገ ዛሬ ስትል የቀረችውንም ይቅር አልላትም» አልኋት። «ማንንም።»